አልተነሳም የተባለው ሞተር

አብራርን ያስያዘው የገዛ አፉ ነው። አባታቸው ትተውት የሞቱትን አሮጌ ላንድክሩዘር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጠው ሲነሳ፣ እህቱ ፈይዛ «አድሼ አስነሳዋለሁ» አለችው። እሱም በመለዋወጫ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «ይሄ ሬሳ ተነስቶ ድምፁን በጆሮዬ ከሰማሁ ያንቺ ይሁን! ካልሰማሁ ግን ቅዳሜ ይጫናል!» አለ። ለዚህ ቃሉ ምስክር ከሱቁ ጎን ሻይ የሚሸጡት ማማ ኛሊየፕ ሆኑ። ማማ ኛሊየፕ የሰሙትን አይረሱም፤ ለብቻቸውም አያስቀሩም።

ፈይዛ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የእርዳታ መኪና ሲጠግን የኖረውን መካኒኩን ፑዎትን ጠራች። ሞተሩን ማንጎው ጥላ ሥር ፈቱት። ስድስቱ ሲሊንደሮች እንደ ዳቦ ተሰላፊ በአንድ መስመር ቆመዋል። ፑዎት አንዱ ውስጥ አጮልቆ አየና፣

«ሲስተር፣ ይሄኛው ተከራይ አለው» አለ። እንሽላሊት ነበረች።

ተከራይዋ ወጣች፣ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ደርሶ መጣ፣ አዲስ ፒስቶን ከነቀለበቱ፣ ከነፋሻው ገባ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ደግ ነበር። ፈይዛን ግን የማሻሻል አባዜ ያዛት። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ጉልበት እንዲጨምር በስሱ ይላግ አለች፤ ተላገ። ካርቡራቶሩ ተቀየረ። ፒስቶኖቹን ወርቅ ቤት ወስዳ፣ የሙሽራ ቀለበት በሚመዘንበት ሚዛን አንድ በአንድ አስመዝና፣ ከበድ ያለውን በሞረድ እያቀለለች ሞተሩ ለስላሳ እንዲሄድ ስድስቱን እኩል አደረገቻቸው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ እንኳ አዲስ ነው፤ የድምፅ ማፈኛው ድርብ የሆነ።

ቅዳሜ መኪናው ተገፍቶ ሱቁ ፊት ቆመ። የብረት ነጋዴው መኪና ከኋላው ተጠግቶ ገመድ እየፈታ ነው። የጸጉር ቤቱ ጄኔሬተር ያንደቀድቃል፤ ባጃጆች ይጮኻሉ። ፈይዛ «ቢስሚላህ» ብላ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሳ። መነሳቱን ግን ያወቀው የፈይዛ መዳፍ ብቻ ነው። መሪው እንደ ጠገበች ድመት ከእጇ ሥር ያንኮራፋል።

«ድገሚ እንጂ!» አለ አብራር።

«ተነስቷል እኮ!»

«የታለ? እኔ አልሰማሁም።»

ፈይዛ ክው አለች። ሊሰማ የሚገባውን ሞተር ራሷ አፈነችው! አብራር ሻዩን ይዞ መጣና የፊት መከላከያው ላይ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ተቀመጠ። «ጎረቤቶቼ! እህቴ ለፍታለች፣ አላህ ይስጣት። ሬሳ ግን ሬሳ ነው!»

ማማ ኛሊየፕ ቀረብ ብለው ውስጥ ውስጡን የሚርገበገበውን ብረት ዳበሱት። «አብራር፣ አልተነሳም?»

«አልተነሳም!»

«እሺ። እዛው ተቀመጥ።» ከዚያ ፈይዛን በአንድ አይናቸው ጠቀሷት።

ገባት። አንደኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች።

የአብራር እግሮች ወደ ሰማይ ተነሱ። «ኧረ! ማነው የሚገፋው?»

«ማንም!» አለ ፑዎት ባዶ እጆቹን እያሳየ።

መኪናው በሰው እርምጃ ወደ ባሮ ድልድይ አመራ። የብረት ነጋዴው ገመዱን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ እንደ ሰርግ አጃቢ ተከተሉ፤ እልልታው ቀለጠ።

«አቁሚው!»

«ምኑን?»

«ሞተሩን!»

ፈይዛ በመስኮት ብቅ አለች። «የትኛውን ሞተር አብራርዬ? ያልተነሳ ሞተር እንዴት ይቆማል?»

ማማ ኛሊየፕ ረጅም እግራቸውን ዘርጋ ዘርጋ እያደረጉ ከጎኑ ይራመዳሉ። «ብርጭቆዬን እንዳትሰብር!»

«ማማ፣ ይፍረዱኝ! ሰምቻለሁ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ! የሷ ይሁን!»

«እኔ ምስክር ነኝ፣ ዝም ብዬ አላምንም። ምን ይላል?»

አብራር ዙሪያውን አየ። ደንበኞቹ ሁሉ እዚያ አሉ። «ር...ርም» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሄ አንድ ሲሊንደር ነው» አለ ፑዎት። «አምስት ይቀራል።»

አብራር አይኑን ጨፈነ፣ ሻዩን ደረቱ ላይ አስጠጋና በሙሉ ሳንባው «ሩምምምምም!» አለ። ፈይዛ ሳቋ ጉልበቷን ነጥቋት ፍሬኑን መርገጥ አቃታት፤ ድልድዩን እስኪያጋምሱ ድረስ ወንድሟ ሞተር እንደሆነ ሄደ።