ማጥፊያው የት ነው?

የልጅ ልጄን ያስለቀሰ ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው አልፈልግም። ቂመኛ በሉኝ።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዘውን ፕሮግራም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። የልጅ ልጄ ለኮሌጅ ትምህርቷ ብላ እንዲህ ያለ አንድ ትንሽዬ ፕሮግራም፣ ከባዶ ተነስታ፣ ስምንት ወር ሙሉ ጻፈች። ዓይኗ ይጠፋል፣ ወገቧ ይጎብጣል እያልኩ እኔም አብሬያት ከሳሁ። በመጨረሻ ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ፊደል ብቅ ሲል እልል አልኩ።

የክፍል ጓደኛዋ፣ ቄንጠኛው የምንለው፣ «እስቲ ልየው» ብሎ በፍላሽ ወሰደው። ቀድሟትም የራሴ ነው ብሎ ለመምህራቸው አስገባ። ኋላ የሷን ስታስገባ መምህሩ «ከሱ ገልብጠሻል፤ ከኮሌጁ ትባረሪያለሽ» አላት። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች።

ቄንጠኛው ሥራውን የሚያሳይበት ቀን ለወላጅም ክፍት ነበርና ተከትያት ሄድኩ።

«አያቴ፣ በፈጠረሽ እንዳትናገሪ» አለችኝ በር ላይ።

«ምን አፍ አለኝ ብለሽ ነው!»

ቄንጠኛው ሸሚዙን ተኩሶ ቆሟል። በኮሌጁ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ከፍቶ ሰላምታ ብጤ ጻፈ፤ ተጨበጨበለት። አንድ ፊደል ስቷል፤ አይቶ እንዳላየ አለፈው። ያኔ ትዝ አለኝ። የቤታችንን ኪቦርድ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል የማጥፊያውን ቁልፍ ነቅዬው ነበር። ልጅቷም ሳትቆጣኝ፣ በፕሮግራሟ ውስጥ ማጥፋቱን ወደ ላይኛው ረድፍ መጀመሪያ ቁልፍ አዛወረችው። ከልማድ ብዛት እሷ ራሷ ረስታዋለች።

እጄን አወጣሁ።

«አቤት እማማ» አለ መምህሩ።

«ልጁ አንድ ፊደል ስቷል፤ ያጥፋውና ያርመው።»

ቄንጠኛው ማጥፊያውን ተጫነ። ወይ ፍንክች። ደጋግሞ መታው። ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ኪቦርዱ ነው» አለ።

«ኪቦርዱማ አዲስ ነው፤ ምን በደለህ?» አልኩት።

መምህሩ የልጅ ልጄን ጠራት። የላይኛውን ቁልፍ ነካ አደረገች፤ ፊደሉ ጠፋ። «ለምን እዚያ?» ሲላት ምክንያቱን ነገረችው፤ ኮዱን ከፍታ መስመሩንም አሳየችው። ወደ ቄንጠኛው ዞሮ ያንኑ ጠየቀው። ያልወለዱት ልጅ አባባ ሲል አፍን ዳባ ዳባ ይላል አሉ፤ እሱም «እንዲያው… ለአሠራር እንዲመች ነው» ብሎ ተንተባተበ።

ስንወጣ ቄንጠኛው ኮሪደር ላይ ደረሰብን፤ ላቡ ኮሌታው ድረስ ወርዷል።

«እማማ፣ ሊያባርሩኝ ነው። እሷ ይቅር ካለችኝ ይተዉኛል።»

ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኩ።

«ላንተ የቀረበው ለሷ የደገስከው ነው» አልኩት። «ቅመሰው።»

ደረጃውን ስንወርድ «ጨከንሽ» አለችኝ። አዎ ጨከንኩ። ያን ቀን ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም።