ወንፊት ላይ የቀረው

ሐሙስ ከአርባ ምንጭ ባለሙያ ይመጣል ተባለ። የፈረንጅ ጥድ ችግኞቹን ቢጫ እንደሆኑ ካገኛቸው የችግኝ ጣቢያችን ይዘጋል፤ ከገረሴ እየመጡ የሚሠሩት አሥራ ሁለት ሴቶችም ይበተናሉ። ማክሰኞ ዕለት መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ። ጥላውን አነሳሁ፣ መለስኩ፤ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ውኃ ቀነስኩ። ቢጫው ባሰበት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከስምንት ወር በፊት ዲፕሎማዬን ይዤ ኃላፊ ሆኜ ስመጣ፣ የቀድሞው ኃላፊ ጋሽ ኦይታ ዘበኛ ተደረጉ። እሳቸው ድሮ አፈር የሚያመጡት ካረጁ ጥዶች ሥር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ጥዶቹ ተቆርጠው ስላለቁ፣ የአምናውን የችግኝ መደብ አፈር ለዘንድሮው ይቀላቅሉ ጀመር። እንደመጣሁ ያ አፈር ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጠላልፎ አየሁ።

«ሻጋታ!» ብዬ ጮህኩ። «ንፉት! ወንፊት ላይ የቀረውን ከአጥር ውጭ ድፉት!»

ጋሽ ኦይታ ሊናገሩ ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

«አገርነሽ፣ ሽማግሌውን ለምን አትጠይቂም?» አለችኝ ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ዓለምጸሐይ። ተናደድኩባት። አፈርኩም። ሦስቴ ወደ ዘበኛው ቤት ሄጄ ሦስቴ ተመለስኩ። ቢጫው የመጣው ያን አፈር ካስደፋሁ ወዲህ መሆኑ ገብቶኝ በአራተኛው ገባሁ።

«ጋሽ ኦይታ፣ ያን አፈር ከየት ላምጣ?»

«ጥዱ አልቋል። ከየት ታመጫለሽ?»

ልወጣ ዞርኩ። እሳቸው ግን ባልዲያቸውን አንስተው ከአጥሩ ውጭ ወሰዱኝ። የደፋነው ክምር ላይ፣ ከአፈሩ ጋር የተጣለው ዘር በቅሎ ሠላሳ የሚሆኑ ችግኞች ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። አንዱን ነቅለው ሥሩን አሳዩኝ። ነጩ ክር ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ክር ከመሬት ምግብ ለጥዱ ይለቅማል፤ ጥዱ ደግሞ እሱን ያበላል። ለየብቻ አይሆንላቸውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ሻጋታ ነው አልሽ።»

በጋው መሬቱን ሰነጣጥቆታል፤ ክምሩ ግን እርጥብ ነበር። በእጃቸው ያለውን ባልዲ አየሁና አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ክምሩን እያፈሱ በየችግኙ ሥር አዳረሱት። ሐሙስ ባለሙያው መጥቶ ቢጫዎቹን አየ፣ ክምሩ ላይ የበቀሉትንም ነቅሎ ሥራቸውን አገላብጦ አየ።

«ጣቢያው እስከ ክረምት ይቆይ» አለ በመጨረሻ። «ኃላፊው ማነው?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ባልዲ ወደያዙት ሰው አመለከትኩ።