ዱረቲ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ያበላሸችው ሰርቨር

ቢሯችን አምቦ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከቀለምና ከሚስማር መሸጫው በላይ ነው። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል ዋጋ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ እንሠራለን። የጻፍነውን ኮድ ሁሉ የሚሰበስብ፣ የሚፈትሽና ስልክ ላይ ወደሚጫን መተግበሪያ የሚለውጥ አንድ ኮምፒውተር አለን፤ ሰርቨሩ እንለዋለን። ሥራው ከተሳካለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስክሪን አረንጓዴ ይሆናል። ካልተሳካለት ይቀላና መጨረሻ ላይ ኮድ ያስገባውን ሰው ስም በትልቁ ይጽፋል። ይህን ያሠሩት ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ኦሊቃ ናቸው። «ሰው ስሙን ሲያይ ይጠነቀቃል» ይላሉ። የእሳቸው ስም እዚያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኮድ አይጽፉማ።

እሁድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ስክሪኑ ቀይ ነው፤ የተጻፈው ስም ደግሞ ዱረቲ።

ዱረቲ የጉደር ልጅ ናት፣ ከሁላችን አዲስ። የሙከራ ጊዜዋ አርብ ያበቃል። ኦቦ ኦሊቃ ሁላችንን ሰብስበው፣ «ይህ ቀይ እስከ አርብ ካልጠፋ እዚህ የማይቀጥል ሰው አለ» አሉ። ማን እንደሆነ ግድግዳው ላይ ስለተጻፈ ስም መጥራት አላስፈለጋቸውም።

ልጅቷ ያልሞከረችው የለም። ሰኞ ያስገባችውን ኮድ መልሳ አወጣችው። ቀይ። ማውጣቷም በስሟ ስለሚመዘገብ ስሟ እንደ አዲስ ወጣ።

«ተዪው በቃ» አላት አጠገቧ የሚቀመጠው ኢብሳ። «በነካሽው ቁጥር እየጻፈሽ ነው።»

«ካልነካሁትስ?»

«ያኔ የድሮው ይቆያል።»

ኦቦ ኦሊቃ ለማኅበሩ ኃላፊ ለኦቦ አዱኛ ደወሉ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍተው፣ ሁላችን እየሰማን። «አዲሷ ልጅ ዱረቲ አበላሽታብን ነው። እየተከታተልኳት ነው።» ስልኩን ዘጉና ሻይ ሊጠጡ ወረዱ። ክትትሉ ይኸው ነበር።

ቀዩ መልእክት እንዲህ ይላል፦ ሰርቨሩ ለሥራው የሚያስፈልገውን ከሚያወርድበት የውጭ ድረ ገጽ ጋር ሊገናኝ አልቻለም፤ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም። «ገና ነው ይላል» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «ሥራሽ ገና ነው ማለቱ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ዱረቲ ቀዩን ትታ ከየመስመሩ ፊት በግራጫ የተጻፈውን ቀን ማንበብ ያዘች። እሱን ማንም አያነበውም።

«ይሄ እኮ 2016 ይላል» አለች።

ኢብሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አሳያት። «ታዲያ 2016 አይደለም እንዴ?»

እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ሚያዝያ 2016። ልክ ነው።

«ሰርቨር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው!» አለች ዱረቲ። «2024 ማለት ነበረበት። ዘንድሮ የወጣ ሰርተፊኬት፣ 2016 ላይ ለቆመ ማሽን ገና አልተወለደም።»

ከሰኞ ጀምሮ ያን ቁጥር ስናየው ነበር። ልክ ስለመሰለን አላየነውም።

ዱረቲ ተነሥታ ኦቦ ኦሊቃ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። «መብራት ከመጣ በኋላ የሰርቨሩን ቀን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ! የውስጥ ሰዓቱ ባትሪ ሞቶ የጥንት ቀን ይዞ ተነሣ። አስተካከልኩት።»

«ከምን አይተው?»

በአገጫቸው ካላንደሩን አሳዩዋት። ከዚያ ገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተለወጠም።

«የሰው አገር ዘመን የማያከብር ማሽን!» አሉ። «በይ ቶሎ አስተካክዪው፣ ኦቦ አዱኛ ከሰዓት እጃጂ ሄደው ለገበሬዎቹ ያሳያሉ።»

«አላስተካክልም።»

«ምን አልሽ?»

«በዚህ ማሽን ቆጠራ እኔ አሁን ጉደር ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው ያበላሸሁት? ለኦቦ አዱኛ ይደውሉላቸው። እንደዚያው ድምፁን ከፍተው።»

«አንቺ ልጅ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ መሆንሽን አትርሺ!»

«አልረሳሁም። ስሜ ግን የሙከራ ጊዜ ላይ አይደለም።»

ኦቦ ኦሊቃ ኢብሳን አዩት። ኢብሳ ጫማውን አየ። እኔን አዩኝ። እኔ የገመድና የሶኬት ሰው ነኝ። ራሳቸው እንዳይነኩት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት ዕለት ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋል። ደወሉ።

«ኦቦ አዱኛ፣ አካም ቡልተኒ? ያ ነገር፣ የቀን ችግር ነበር።»

«የምን ቀን?» አለ ስልኩ።

«የሰርቨሩ። ተሳስቶ ተሞልቶ ነው።»

«ማን ሞላው? ያቺ ልጅ?»

ከታች ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ። ዱረቲ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «ልጅቷ የለችበትም።»

«አንተ ሰውዬ! እኔ ትናንት ስብሰባ ላይ በስሟ ጠርቼ ስወቅሳት ዋልኩ እኮ! አሁን ያን ሁሉ ሰው ከየት ሰብስቤ ልመልስ?»

ኦቦ ኦሊቃ የስልኩን ድምፅ ቀነሱ። ዱረቲ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ ቀኑን ሞላች፤ ትንሽ ተጨማሪ ነገርም ጻፈች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ ሲሆን የማንንም ስም አይጽፍም።

አርብ ተሰበሰብን። «ዱረቲ ትቀጥላለች» አሉ ኦቦ ኦሊቃ፣ ምሕረት እንደሚያደርግ ሰው። «ግን ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግ፣ ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ሰርቨሩን ማንም እንዳይነካ።»

«የይለፍ ቃሉን ረቡዕ ቀይሬዋለሁ» አለች ዱረቲ። «ሲፈልጉት ይጥሩኝ።»