ለወይዘሮ ብርኽቲ ብቻ

መርሃዊ ያን እሑድ ጠዋት ከአያት ባቡር ሲሳፈር የያዘው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፦ እናቱን ከእድር እንዳያስወጡበት መሟገት።

ወይዘሮ ብርኽቲ ከሩዋንዳ ሰፈር የወጡት ቤታቸው ፈርሶ በቦታው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሲበቅል ነው። አሁን አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። እድራቸው ግን እዚያው ቀርቷል። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ታክሲ ቀያይረው ከች ይሉ ነበር። ዛሬ ጉባኤው «አባል የሚሆነው በሰፈሩ የሚኖር ብቻ» የሚል ደንብ ሊያጸድቅ ነው።

«ካስወጡኝማ ወደይ፣ ልጄ፣ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው? የብሎኩ ዘበኛ?» ብለው ነበር የሸኙት።

መርሃዊ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ እንጀራው መልእክት ለሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ ለራውተር፣ መንገድ ማሳየት ነው። ንግግሩን በሆዱ እየከለሰ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። ባቡሩ መሪን ሳያልፍ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

በሕልሙ የተሳፋሪው ሁሉ ግንባር ላይ አድራሻ ተጽፏል። መገናኛ ላይ የሱፍ ኮፍያ የደፋ ዘበኛ ቆሞ ግንባር እያነበበ ሰው ይነዳል። «ሩዋንዳ! የሩዋንዳ ሁሉ በዚህ!» ስም አይጠይቅም፤ ሰፈር ካየ ይበቃዋል። ኮፍያው ላይ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ መርሃዊ አወቀው፤ ራሱ ያዋቀረው የመሥሪያ ቤቱ ራውተር ነው።

«ለብርኽቲ» የተባለው ሁሉ፣ ሰላምታውም መርዶውም፣ አድራሻው አሁንም የድሮው ስለሆነ ከመንጋው ጋር ወደ ሩዋንዳ ይነዳል። እዚያ የመስታወቱ ሕንፃ ደጅ ላይ እንደ አመዳይ ይከመራል፤ የሚያነሳው የለም። እናቱ ደግሞ ከዚህ ማዶ፣ አያት፣ መስኮት ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።

«ለእሷ ብቻ መንገድ ጻፍላት እንጂ!» አለው መርሃዊ። «ለሰፈሩ ሳይሆን ለአንዷ። ሆስት ራውት የምንለውን።»

«እሱማ ሞልቷል» አለ ዘበኛው። «አድራሻ የሰጠኸኝ ዕለት መጀመሪያ የጻፍኩት ወደ ራሴ የሚወስደውን ነው።»

«ወደ ራስህ መንገድ ምን ይሠራልሃል?»

«ስንቱ አለ ወደ ራሱ መሄጃው የጠፋው! ደንበኛ መስመር ሲከፍትም አንድ ይበቅላል፤ ሲዘጋ ይረግፋል። አንተም በእጅህ ትጽፍና ትረሳዋለህ፤ ሰውየው ሄዶ መንገዱ ይቀራል። ደግሞ ጎረቤት ራውተር ‹እገሌ በእኔ በኩል ነው› ካለኝ አምኜ እጽፋለሁ። ጎረቤቱ ዝም ካለ እሰርዛለሁ።»

«የሰፈሩ መንገድና የአንዱ መንገድ ቢጋጩስ?»

«ምንጊዜም ለይቶ የጠራው ይቀድማል።»

«እንግዲያው ለሁሉም ለየብቻ ጻፋ!»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። «ይቺ ጭንቅላት ስንቱን ትይዛለች፣ ጌታዬ?»

ግፊያ ቀሰቀሰው። መገናኛ ደርሰዋል።

የእድሩ አዳራሽ ሲገባም ሕልሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። በቆርቆሮው ሽንቁር የሚወርደው ብርሃን በየሰዉ ግንባር ላይ ሲያርፍ ሊያነበው ይቃጣዋል። ተራው ደርሶ ተነሳ።

«ደንቡ ይጽደቅ» አለ። «ግን ለእናቴ ለይቶ አንድ መስመር ይጻፍላት። በእኛ ሙያ ለይቶ የጠራው ይቀድማል።»

«የኔ ልጅ፣ ዋይፋይ ልትተክልልን ነው?» አሉ ሰብሳቢው ጋሼ ገረመው። አዳራሹ ሳቀ። «ለብርኽቲ ከፈትን እንበል። ነገ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የገባው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የካ አባዶ። ደንቡ አንድ ገጽ፣ ልዩ ሁኔታው መጽሐፍ! ደግሞስ እዚያ አያት ሰው ቢሞት እኛ በምን እንሰማለን?»

መርሃዊ የሕልሙ ዘበኛ ላቡን ሲጠርግ ታየው። እናቱ እየተመላለሱ መስመሩን እንዳይከፍቱ ጉልበት የለም። በእጅ ተጽፎ ቢረሳ ደግሞ ምን ዋጋ አለው? የቀረው አንድ ነው።

«ከእናንተ መሀል ‹ብርኽቲ በእኔ በኩል ናት› የሚል ጎረቤት ቢገኝስ? ወሬዋን የሚያመጣ፣ ወሬያችሁን የሚያደርስ። እሱ ዝም ካለ ሰርዟት።»

ሰዉ ዞር ዞር እያለ የሚነሳውን ፈለገ። በመጨረሻ ከወደ ኋላ እትዬ ሙሉ ተነሱ፤ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ፣ ከእናቱ ጋር አንድ አጥር ይጋሩ የነበሩ፣ ከሰፈሩ ሳይነሱ የቀሩ ሴት።

«በእኔ በኩል ናት» አሉ።

«እንዴ! አልተኳረፋችሁም እንዴ?» አሉ ጋሼ ገረመው።

«በዝናብ ውሃ መውረጃ የተነሳ፣ እስከ ዛሬ! በየጠዋቱ ደውላ እንዳልታረቀችኝ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ሳትደውል ከዋለች አለቀላት ማለት ነው፤ ያን ቀን ድንኳኑን ጫኑ እላችኋለሁ።»

ሳቁ ጋብ ሳይል እጅ ወጣ። ደንቡ ጸደቀ፤ ከሥሩም «የሰፈሩ ጎረቤት ኃላፊነት የወሰደለት አባል ግን ይቆያል» የሚል ታከለ።

መርሃዊ ደጅ ወጥቶ ለእናቱ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ ጋሼ ገረመው ክንዱን ያዙት። ግራ ቀኝ አዩ።

«ይሄ የጎረቤት ነገር… ለእኔም ይሠራል? ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ኃላፊነት የሚወስድልዎት ጎረቤት አለ?»

ጋሼ ገረመው ከአዳራሹ የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ በዓይናቸው ሸኙ። ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ በአክብሮት እጅ እየነሳቸው አለፈ፤ አንድም ቆም ያለ የለም።

«ከእትዬ ሙሉ ጋርስ ተጣልተው ያውቃሉ?» አለ መርሃዊ።

«ኧረ በጭራሽ! አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም!»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሳይሄዱ ቶሎ ይጣሉ።»