ከጋሮምሳ አንገት የወረደው ድንጋይ

ምንተስኖት የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪውን የጋሮምሳን ፎቶ ከባጃጁ የፊት መስታወት ላይ በጥፍሩ እየፋቀ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እንዲያነሣው ሚስቱ እንቁ ከትናንት ጀምራ ነግራዋለች። በሳሙና ውሃ አርሶታል፤ ፀሐይ የበላው ወረቀት ግን በአንዴ አልላቀቅ አለ። ቢጫዋ ኮሮላና በሯ ላይ የተጻፈው ሃያ ሰባት ቁጥር ለቀዋል። ፊቱ ጋ ሲደርስ እጁ ዘገየ።

ፈዬራ የራሱን ባጃጅ አጥሩ ሥር አቁሞ ያየው ነበር። ሁለቱም አዳማ መናኸሪያ ፊት ለፊት ተራ ይዘው ነው የሚሠሩት። እዚያ ምንተስኖትን በስሙ የሚጠራው የለም፤ በጋሮምሳ መኪና ቁጥር እንጂ።

«ሃያ ሰባት፣ አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ» አለው ፈዬራ። «ሌላው እሱን ለማየት ሻሸመኔ ድረስ ይሄዳል። ላንተ ቤትህ ድረስ ይመጣልሃል። ፊርማ አስፈርመው እንጂ።»

ምንተስኖት መፋቁን ቀጠለ። ፈዬራ ፊቱን አየና ቀልዱን ተወው።

«እንቁ እንዴት አደረች?»

«ከነጋ ጀምሮ መቆም እየተለማመደች ነው።»

ምንተስኖት የቀረውን ፎቶ በመወልወያ ጨርቅ ሸፍኖት ወደ ቤት ገባ።

ጋሮምሳ የሁሩታ ልጅ ነው። የአሮጌ ኮሮላውን ወንበሮች አውልቆ፣ ውስጧን በብረት አስበይዶ ይወዳደራል። እሱ በሚወዳደርበት ሁሉ ምንተስኖት ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ አርሲ ነገሌ ላይ ጋሮምሳ አሸንፎ ከመኪናው ሲወርድ ውሃ ፈለገ። ምንተስኖት የያዘውን ጠርሙስ አቀበለው። ጋሮምሳ ጨርሶ ጠጣና ሳያየው ባዶውን መለሰለት። ያ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። እንቁ ቤት ስታጸዳ አንሥታ አቧራውን ትጠርግና ወደ ቦታው ትመልሰው ነበር፤ እየሳቀች።

ባለፈው ጥቅምት ውድድሩ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ተደረገ። እንቁ የምትሰፋው የተማሪዎች ዩኒፎርም ስለነበረባት መሄድ አልፈለገችም። ምንተስኖት ለምኖ ወሰዳት። ብዙው ሰው የቆመው ውድድሩ የሚያልቅበት ቦታ ነበር፤ እሱ ግን ኩርባው ጋ አቆማት። ጋሮምሳ እዚያ ሲደርስ መኪናዋን በጎን እያንሸራተተ እንደሚያዞራት ያውቃል፤ ይህንን ከቅርብ እንድታይለት ፈለገ። መኪናዋ አልዞረችም። ዳር ላይ የተደረደሩትን አሮጌ ጎማዎች በትና መጣች። ምንተስኖት ወደ ኋላ ዘለለ፤ እንቁን ግን መኪናዋ ደረሰችባት። ሐኪሞቹ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አሮጌ አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

ጋሮምሳ ተከሰሰ። ከተበዳይ ይቅርታ ካገኘ ፍርዱ ይቀልለታል፣ መንጃ ፈቃዱም ቶሎ ይመለስለታል ተብሎ ኦቦ ሰንበታ የሚባሉ ሽማግሌ ሌሎች ሁለት ሰዎችን ይዘው ወደ እንቁ ቤት መመላለስ ጀመሩ። የአገሩን ወግ ሁሉም ያውቀዋል። በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደለት ነገሩ አለቀ። የወረደ ድንጋይ ተመልሶ አይጫንም።

እንቁ ሽማግሌዎቹን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

«ተሸክሞ ይምጣ» አለች። «አጥሩ በር ላይ ግን እንዳታወርዱለት። እዚህ ድረስ ገብቶ ይየኝ። ማውረድ ካለብኝ እኔ በእጄ አወርድለታለሁ።»

«ካላወረድሽለትስ፣ ልጄ?»

«ይዞት ይመለሳላ።»

ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «ተገቢ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እግሩ ያንቺ ነው። ድንጋዩም ያንቺ ነው።»

ከሄዱ በኋላ ባሏን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሲገባ ደግፈኝ። ተኝቼ እንዳያገኘኝ።» ምንተስኖትም እሺ አላት።

አሁን ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከውጭ የመኪና ድምፅ፣ ቀጥሎም የሰው ጫጫታ ተሰማ። ምንተስኖት ብብቷን ይዞ አስነሣት። ክራንቾቹን አስተካክላ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች። ግንባሯን አላባት።

«ቆይ፣ ትንፋሼ ይመለስ» አለች።

ምንተስኖት በአንድ እጁ እንደያዛት በሌላው የበሩን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አየ። ጋሮምሳ አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ጫማውን አውልቋል። ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። ምንተስኖት ይህን ሰው የሚያውቀው መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ሲያየው ነው። አሁን አገጩ ደረቱን ነክቷል፤ አንገቱ ከድንጋዩ ክብደት ይንቀጠቀጣል። ከኋላው የሰፈሩ ጎረምሶች ስልካቸውን ደግነው ይቀርጹታል።

«ጋሮምሳ» አለ አንደኛው፣ «ዛሬስ ማርሹ እምቢ አለህ?»

ሳቁ አጥሩን አልፎ ገባ።

ምንተስኖት የእንቁን ክንድ ለቀቀ።

«ምንተስኖት» አለች ከኋላው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ግቢውን በሩጫ አቋረጠ። ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን ዘርግተው ሊያስቆሙት ሞከሩ። ከጎናቸው አልፎ ድንጋዩን ከጋሮምሳ አንገት ላይ አነሣውና መሬት አስቀመጠው። አጥሩ ውጭ ያሉ ሴቶች እልል አሉ።

ጋሮምሳ ቀና አለ። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። ምንተስኖትን አቅፎ ትከሻውን ሳመው።

«ተባረክ ወንድሜ» አለው። «እግዜር ውለታህን ይክፈልህ። ስምህን ማን ነበር ያሉኝ?»

ምንተስኖት ነገረው።

ኦቦ ሰንበታ ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ባለቤትህስ? ቃላችን እንዲህ አልነበረም እኮ።»

እልልታው ቆመ። ጋሮምሳ ምንተስኖትን አየው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«ተስማምታለች» አለ ምንተስኖት። «አሟት ተኝታ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ቤቱ በር ዞሩ። ከመጋረጃው ሥር ሁለት የክራንች ጫፎችና አንድ እግር ይታያሉ። ኦቦ ሰንበታ ጠበቁ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ረዥም ምርቃት የሚያውቁት ሰውዬ የዛሬውን ባጭሩ ጨረሱት፤ «አሜን» ያለውም ሰው ጥቂት ነበር።

ጋሮምሳ ጫማውን አድርጎ መኪና ውስጥ ገባ። ሲነሣ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ ሲያሸንፍ እንደሚያደርገው፣ ጨብጦ ከፍ አደረገው። ምንተስኖትም ሳያስበው እጁን አነሣ።

ሲገባ እንቁ እንደቆመች ነበረች።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«እግሬን አላየም።»

«አላየም።» በእጁ ወደ አጥሩ አመለከተ። «ሳቁበት፣ እንቁ። አንገቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብታዪው...»

«የዚያን ቀን ኩርባው ላይ ጥለኸኝ ዘለልክ» አለች። «አንድም ቀን አላነሣሁብህም። ሰው ይደነግጣል። ዛሬ ግን አልደነገጥክም።»

ሊይዛት ቀረበ። «አትንካኝ» አለችው። ክራንቾቹን አንድ በአንድ እያስቀደመች አልጋው ጋ ደረሰች፤ ተጋደመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ምንተስኖት ወጣ። ሰው ተበትኗል። ፈዬራ ብቻ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ይሄንን ባጃጄ ላይ ጭኜ ልጣልልህ?» አለው። «ስታየው ትናደዳለች።»

«ተወው» አለ ምንተስኖት።

ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ። የጋሮምሳ ላብ አንዱን ጎኑን አርጥቦታል። አንገቱ ላይ ሲያስቀምጠው ሻካራ ጎኑ ቆዳውን ላጠው። ፈዬራ መንገድ ለቀቀለት። ምንተስኖት ጫማውን በእግሩ ገፍቶ አወለቀና በመጋረጃው ሥር ዝቅ ብሎ ገባ፤ አልጋው ግርጌ ሄዶ ቆመ።

እንቁ የትንፋሹን ክብደት ሰማች። ዞራ አላየችውም። እሱም አልጠራትም፣ ድንጋዩንም አላወረደም።