የአምባሳደሩ የሕይወት ታሪክ

«…ከደጃዝማቹ ልጅ ከወይዘሮ ፋናዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው፣ ከታላላቅ ቤቶች ጋር ተዛምደው…» ጋሽ ጎሳዬ እዚህ ሲደርስ ማንበቡን አቆመና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። የእድሩ ጸሐፊ ከሆነ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በአሜሪካዋ ኮሎምበስ እሱ ታሪኩን ሳያነብለት የተቀበረ የእድሩ አባል የለም። የዛሬው ግን ለየት ይላል። አምባሳደር ግርማቸው ለቀብራቸው የሚነበበውን ራሳቸው ጽፈው ካስቀመጡ ስድስት ዓመት አልፏል። ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው በሌላ ሰው ብዕር አይተማመንም።

«ፀሐይ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናትሽ ወንድም አያሌው የለበትም። ልጁ እዚያ ተቀምጣ ስሙ ሳይጠራ ቢቀር ሰው አይታዘበንም?»

የአምባሳደሩ ልጅ ፀሐይወርቅ የሐዘንተኛ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። የአያሌው ልጅ ሰርካዲስ በሩ አጠገብ ከጎረቤቶቹ ጋር ወንበር ይዛለች። ከሊንደን ሰፈር እዚህ ዎርዝንግተን ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጥታ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ነው የተቀመጠችው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሆነው፣ በአንድ ከተማ ሃያ ዓመት ሲኖሩ የሚገናኙት በሰው ለቅሶ ብቻ ነበር። አገሩ ይህን የደጃዝማች ዘር ኩራት ነው ይለዋል። አገሩ ምን ያውቃል! ፀሐይወርቅ የሰርካዲስን ዓይን ማየት ስለማትችል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንሆይ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዓመት፣ አያሌው የአውራጃ ገዢ ነበርና ደርግ ይፈልገው ነበር። ሸሽቶ እህቱ ቤት መጣ፤ ከግቢው ጀርባ ባለው የእህል ቤት ደበቁት። ፀሐይወርቅ ስምንት ዓመቷ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ትኩስ ዳቦ ይዛ ወደ ጓሮ ስትሮጥ፣ አጥሩ ላይ የተደገፈ የማታውቀው ሰው «ለማን ነው?» አላት። «ለአጎቴ» አለች፣ ሳታስብ። በማግሥቱ ወታደሮች መጡ። አያሌውን በባዶ እግሩ ወሰዱት፤ ወር ሳይሞላው ተገደለ። ለእንደሱ ዓይነቱ ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድንኳን አልተተከለለትም።

ያኔ አባቷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ለእናትሽ እንኳ አልነግርም። በእኔና ባንቺ መካከል ይቀራል።»

ፀሐይወርቅ ይህን ምሕረት ሳትረሳ አደገች። የመኳንንቱ ቤት ሁሉ ሲታሸግ እነሱ ቤልግሬድ ነበሩ፤ አባቷ ኤምባሲውን ይመሩ ነበር። በኋላም አሜሪካ። ባሏ «ሽማግሌውን ነርሲንግ ሆም እናስገባና ሲያትል እንሂድ» ባለ ጊዜ ባሏን ሸኘችው እንጂ አባቷን አልሰጠችም። አሥራ አራት ዓመት ገላቸውን አጠበች፣ ጥፍራቸውን ቆረጠች። ሰው «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን» ሲል፣ እሷ በልቧ ምስጢሬን የጠበቁልኝ አባቴ ናቸው ትላለች።

«አያሌው ይግባበት፣ ጋሼ» አለች አሁን። ካለችው በኋላ ትንሽ ቀለላት።

ጎሳዬ መልካም ብሎ፣ የሹመቶቹም ቀን እንዲጣራ አሳሰበ። እሷም ተነሥታ አባቷ ክፍል ገባች። የአባቷ ሳምሶናይት ቦርሳ አልጋው ሥር ነበር። የሹመት ደብዳቤ፣ የእራት ግብዣ ካርድ፣ የሞተ ንጉሥ ፊርማ፤ አምባሳደሩ ወረቀት የሚባል ጥለው አያውቁም። ከሁሉ ሥር ከደርግ ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ አገኘች። «የባለቤትዎ ወንድም አቶ አያሌው በግቢዎ ተሸሽገው እንደሚገኙ በጽሑፍ የሰጡን ጥቆማ ደርሶናል። እርስዎ በውጭ ጉዳይ ሥራዎ እንዲቀጥሉ ተፈቅዷል» ይላል። ቀኑ ኅዳር 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ሚካኤል በአሥራ ሁለት ነው። ዋዜማው አሥራ አንድ። ፀሐይወርቅ በጣቷ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። እሷ ዳቦውን ይዛ ከመሮጧ ሁለት ቀን በፊት ነገሩ አልቆ ነበር። አባቷን ጠላቻቸው፤ በሕይወት ቢኖሩ አንገታቸውን ይዛ ትጮህባቸው ነበር። ወዲያው ደግሞ ትራሳቸውን አይታ ናፈቋት፤ በዚህም ራሷን ጠላች።

ሰርካዲስን አስጠርታ በሩን ዘጋች። ወረቀቱን ሰጠቻትና ስለ ዳቦው፣ አጥር ላይ ስለነበረው ሰውዬ፣ አባቷ ስለገቡላት ቃል አንድ በአንድ ነገረቻት። ሰርካዲስ ደብዳቤውን አንብባ፣ ደግማ አንብባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የዳቦውን ነገር እናውቅ ነበር» አለች። «አባትሽ ናቸው ለእማዬ የነገሯት። ‹ልጅ ናት፣ አትቀየሚያት› ብለው ለምነዋታል።»

«ለማንም አልነግርም ብለውኝ ነበር።»

«እማዬ ስትሞት ‹ፀሐይወርቅን ይቅር ብያታለሁ በያት› አለችኝ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኮል ላደርግልሽ ስልኩን ስንቴ አንስቻለሁ፤ አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከግሮቭ ሲቲ እዚህ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ይቅር እንድትባዪ አልፈለግሁም ነበር፣ ፀሐይ። እውነቱ ይኸው ነው።»

ሳሎን ውስጥ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ፀሐይወርቅ አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

ዓርብ ዕለት ለጎሳዬ «የሕይወት ታሪኩ አይነበብም» አለችው። ሰውዬው ደነገጠ። አምባሳደር የሚያህል ሰው እንደ ማንም ያለ ታሪክ ሊቀበር ነው ወይ፣ ሰውስ ምን ይላል ብሎ ሞገታት። ሙት ወቃሽ ትባያለሽ ሲልም አስጠነቀቃት።

«ልባል» አለች። «እውነቱን እንዳልጽፍ አባቴ ናቸው። ይኼን ግን ታቦት ፊት አላስነብብም።»

ቅዳሜ ፍትሐቱ እንዳበቃ ሕዝቡ በልማዱ ጎሳዬን ጠበቀ። ጎሳዬ መሬት መሬቱን ያያል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዲት ሴት «ምነው?» ብላ አንሾካሾከች፤ ከዚያ ሳጥኑ ተነሣ። ፀሐይወርቅ ለአባቷ አለቀሰች። እንባው እውነተኛ ነበር፤ እሷንም የገረማት እሱ ነው።

ከቀብር መልስ ቤቱ ሞላ። ለቀብሩ ያልደረሱ ሁለት ባልቴቶች ከሲንሲናቲ ገቡና ፀሐይወርቅን ሊያጽናኑ ወደ ፍራሹ ጎንበስ አሉ። እሷ ግን ተነሣች። ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ሰርካዲስን እጇን ይዛ አምጥታ በራሷ ቦታ አስቀመጠቻትና ነጠላውን አለበሰቻት።

«እሷን አጽናኗት» አለች ሴቶቹን። «አባቷ ሞተውባት ነው።»

ሴቶቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ ለቅሶ ቤት ግን ጥያቄ አይጠየቅምና፣ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው ሰርካዲስን ሳሟት። ሰርካዲስ ፊቷን በነጠላው ሸፈነችና «አባዬ» አለች።