በሦስት ወር ኪራይ የተገዛ ኮይን

"ኮይን ሲወርድ የማይደነግጥ ሰው ሰበታ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ" አለች ጣቢታ፣ የደንበኛዋን ፀጉር በማበጠሪያ እየከፈለች። "ወንዶቹ ሲንጫጩ እኔ ሹሩባዬን እሰራለሁ።"

ደንበኛዋ የወይንሐረግ በመስታወቱ ውስጥ አይታት ሳቀች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሐኒ ግን አልሳቀችም፤ ይኼን ጉራ በየቀኑ ነው የምትሰማው።

ጉራው ውሸት አልነበረም። ጣቢታ ኮይን የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ሁለት ወር ሙሉ በስልኳ በአምስት መቶ ብር ስትገዛ ስትሸጥ አንድም ቀን አልፈራችም። ዛሬ ጠዋት ግን እናቷ ወደ ፋብሪካ ፈረቃዋ ከመግባቷ በፊት አስራ ስምንት ሺህ ብር በስልክ ላከችላት። የአዲሱ ቤት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው። አከራዩ ኦቦ ዲሪርሳ አስር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ካልተከፈላቸው ቤቱን ለሌላ ይሰጣሉ። ያሉበትን ቤት ደግሞ ነገ መልቀቅ አለባቸው፤ ፍራሹ ሳይቀር ታስሯል።

ጣቢታ ብሩ እስከ አስር ሰዓት ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብላ በሙሉ ኮይን ገዛችበት። እንዳትፈራም ከትርፉ አስራት እንደምታወጣ ለጌታ ቃል ገባች። አስራት ቃል የተገባበት ብር እንዴት ይከስራል?

መስታወቱ ስር ያለው ስልኳ በራ። አስራ ስምንቱ ሺህ አስራ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሆኗል።

"ምነው ቆምሽ?" አለች የወይንሐረግ።

"ምንም።"

ጎነጎነች። ሹሩባው ተጣመመ፤ ፈታችው። እንደገና ስትጀምር ጣቷ በላብ ተንሸራተተ። አስራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ። በአምስት መቶዋ ጊዜ እንዲህ ቢወርድ ሰማንያ ብር ገደማ ነበር የሚጎድላት፤ የአንድ ምሳ ሒሳብ። አሁን የግማሽ ወር ኪራይ ገደማ ሄዷል።

"ሐኒዬ፣ አንዴ መጣሁ።"

ጎረቤት ያለው ሞባይል ጠጋኝ በሪሁን ነው ንግዱን ያስተማራት። አንገቱን ደፍቶ ስልክ እየፈታ ነበር።

"ቤሪ፣ ይመለሳል አይደል?"

"ስንት አስገባሽ?"

"ትንሽ።"

"ጣቢታ።"

"አስራ ስምንት ሺህ።"

መፍቻውን አስቀመጠ። "ከአምስት መቶ እንዳታልፊ አላልኩሽም?"

"አምስት መቶ ምን ያደርጋል?"

"ያስተኛል።"

"ይመለሳል ወይ ነው ያልኩህ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። የማን ብር ነው?"

ስልኳን አየች፤ አስራ አራት ሺህ ስድስት መቶ። ብትጠብቅ ሊመለስ ይችላል። ብትጠብቅ ደግሞ ፍራሹ ነገ ደጅ ሊያድር ይችላል። ዓይኗን ጨፍና ልትጸልይ ፈለገች፤ ግን ዓይኗን እስክትገልጥ ስንት እንደሚሆን ፈራች። ሸጠችው።

ወዲያው ዋጋው ሁለት መቶ ብር ጨመረ። የበሪሁን በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ሐኒን ብድር መጠየቅ ትችል ነበር። ለኦቦ ዲሪርሳም "የባንክ ሲስተም የለም" ማለት ያስኬዳል፤ ማን ያጣራል? ሁለቱንም አሰበቻቸው። ከዚያ የምሳ ሰዓት መሆኑን አይታ ለእናቷ ደወለች።

"እማ፣ ከኪራዩ ብር ሦስት ሺህ አራት መቶ የለም። ኮይን ገዝቼበት ወረደብኝ።"

ከወዲያ የፋብሪካ ሴቶች ጫጫታ ብቻ ይሰማል።

"ግን እማ፣ በጊዜ ወጣሁ እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም ይጨርሰው ነበር።"

"ለሌላ ሰው መች እሰጥ ነበር" አለች እናቷ።